ቤቱ የጋራ፣ ቃሉ የራስ

ውድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ የዛሬው ነገሬ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው ስላችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩብኝ አደራ እላለሁ። ሙግቱ ዞሮ ዞሮ የእኛም ሙግት ነውና። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለዓመታት ያልበረደ ክርክር አላቸው፦ ሌሎች አዘጋጅተው ያቀረቡትን ማዕቀፍ፣ እነርሱ ፍሬምወርክ የሚሉትን፣ ይዞ መሥራት ይሻላል ወይስ ኮዱን ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ በራስ እጅ መጻፍ? አብዛኛው ሰው ለማዕቀፉ ይፈርዳል። «የተሠራ ነገር እያለ ምን ያደክማል?» ይላል። እኔ ቀን በባንክ መስኮት፣ ማታ ከግጥም ጋር የምውል የማመሽ ሰው ይህን ፍርድ እቃወማለሁ።

አስቀድሞ ግን ሁልጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች ይለዩልን። አንደኛው ዲዛይን ፓተርን የሚባለው የአሠራር ንድፍ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከሕንፃ ጥበብ ነው። ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የተባለው አርክቴክት ከባልደረቦቹ ጋር በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ 253 ንድፎችን ዘረዘረ፤ ለምሳሌ አንድ ክፍል ብርሃን ከሁለት ወገን ቢገባለት ለሰው እንደሚመች አስተማረ። መስኮቱን ሠርቶ ግን አልሸጠም። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጋማ፣ ሄልም፣ ጆንሰንና ቭሊሲዴስ የተባሉ አራት ጸሐፊዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለው ለፕሮግራም ሥራ የሚሆኑ 23 ንድፎችን በመጽሐፍ አቀረቡ። ንድፍ እንግዲህ ዕውቀት ነው፤ በራስ ውስጥ ካላለፈ ሥራ ላይ አይውልም።

ማዕቀፍ ሌላ ነው። ማዕቀፍ ተጽፎ ያለቀ ኮድ ነው፤ አጥንቱ ቆሞ ይጠብቃል፣ አንተ ሥጋ ታለብሰዋለህ። ሥራውን የሚመራውም እርሱ ነው፤ የጻፍከውን ቁራጭ በፈለገው ሰዓት ይጠራዋል፣ ሲያሻው ይተወዋል። በውስጡ ብዙ ንድፎች አሉ፤ ተጠቃሚው ግን ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ሳያይ ያልፋል።

ልዩነቱን ከቅኔ ቤት በላይ የሚያስረዳ የለም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። የቤቱን ቁጥርና ልክ እርሱ አልፈጠረውም፤ ከአባቶች ተቀብሎታል። ቅኔው ግን በየዕለቱ አዲስ መሆን አለበት። የሌላውን መወድስ ሸምድዶ በጉባኤ ፊት የቆመ ተማሪ ባለቅኔ አይባልም። እንግዲህ ንድፍ ማለት የመወድሱ ልክ ነው፤ ማዕቀፍ ግን ስም ብቻ የሚሞላበት የተዘጋጀ መወድስ ነው። «ማዕቀፉን ስለተጠቀምሁ ንድፉን ዐውቀዋለሁ» የሚል ሰው ከዚያ ተማሪ በምን ይሻላል?

ይህ የክብር ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ዋናው ነገር ማዕቀፍ ባዶ አለመሆኑ ነው፤ የሠሩትን ሰዎች አገርና ልማድ ተሸክሞ ይመጣል። ከሥራዬ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ባሕር ማዶ የተሠራ ማዕቀፍ የደንበኛ መዝገብ ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖችን ይከፍታል። በእኛ ዘንድ ግን ከስም የሚቀጥለው የአባት ስም ነው። ስለዚህ ከበደ ተሰማ እና ልጁ አበበ ከበደ በማሽኑ ዓይን የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ። ለአበበ የሚጻፈው ደብዳቤም «ለአቶ ከበደ» ተብሎ ይወጣል፤ አባትየው ምናልባት ካረፉ ቆይተዋል። የቀን መቁጠሪያውም ዓመት 12 ወር ነው ብሎ ይነሣል፤ ታዲያ ጳጉሜን የት ትደር? ማዕቀፉን የሠሩት ሰዎች የራሳቸውን ኑሮ ነው የጻፉት፤ አይወቀሱም። የሚወቀሰው ሳይጠይቅ የተቀበለው ነው።

ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን አላጣሁትም። ሁሉም የየራሱን ይጻፍ ከተባለ ባቢሎን ይሆናል ይላሉ፤ እውነት አላቸው። እኛው አይተነዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የጋራ ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ግጥም ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ፊደል የሁሉ ነውና ቁጥሩም የጋራ መሆን ነበረበት። የይለፍ ቃልን የሚሰውር ስልትም እንዲሁ በየቤቱ ሊፈለሰፍ አይገባም፤ ብዙ ዓይን የመረመረውን መውሰድ ብልህነት ነው።

ነገር ግን ሁሉን መዋስም ዋጋ አለው። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ለሕዝብ ያቀረባትን 11 መስመር ኮድ ከጋራው ማከማቻ ቢያነሣት በዓለም ዙሪያ በርካታ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። ኮዷ የምትሠራው ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ መሙላት ብቻ ነበር። አንድ ጀማሪ በአንድ ከሰዓት የሚጽፋትን ነገር ስንት አዋቂ ተውሶ ኖሯል!

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ንድፉን ሁሉም ይማር፤ የጋራ የሆነውን ከጋራ ይውሰድ። የሥራው ልብ የሆነውን፣ የሰውን ስም፣ የአገርን ዘመን አቆጣጠር፣ የቋንቋን ጠባይ የሚነካውን ግን በራሱ እጅ ይጻፍ። ማዕቀፍ የሚመርጥም ቢያንስ አንድ ጊዜ ያለ ማዕቀፍ ሠርቶ ይምረጥ፤ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚተው የሚያውቀው ያኔ ነውና። «ጊዜ የለም» የሚለኝ ቢኖር፣ በሰው ልክ የተሰፋን ልብስ በየዓመቱ ማሳጠርና ማስረዘም የሚፈጀውን ጊዜ ይቁጠርና ይመልስልኝ።

የጋራ ነው ቤቱ፣ የጋራ ነው ልኩ፤
በሰው ቃል አይገለጥ፣ የገጣሚ መልኩ።

ቸር እንሰንብት።