ጓያ የሰበራቸው አባትና የሚበራው ሕዋስ



ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከሽንዲ ነው። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን በሁለት ምርኩዝ የሚሄዱ አንድ አባት ነበሩ። ጉልበታቸው እርስ በርሱ እየተጋጨ በእግራቸው ጣት ጫፍ ይራመዱ ነበር። እናቴን ብጠይቃት «ጓያ ሰበራቸው» አለችኝ። አእምሯቸው ግን ስል ነበር፤ ጎረቤት ሲጣላ የሚዳኙት እሳቸው ነበሩ።

ጓያ ድርቅን የሚችል ጥራጥሬ ነው። ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይበቅላል፤ አደጋውም ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. እነ ኃይለየሱስ ጌታሁንና ረዳ ተክለሃይማኖት ጓያ በወሎ ደላንታ ስላስነሳው የእግር ሽባነት ወረርሽኝ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ጽፈዋል።

በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ኦዳፕ ይባላል። ግሉታሜት የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ መስሎ የነርቭ ሕዋሱን በር ያስከፍታል፤ በዚያ በኩል ካልሲየም ሲጎርፍ ሕዋሱ ከልኩ በላይ ተነቃቅቶ ይሞታል። ደስ የሚለው፣ ይህ ካልሲየም በዓይን መታየት መቻሉ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ከጄሊፊሽ አብሪ ፕሮቲን የተሠራው ጂካምፕ ካልሲየም ሲያገኝ አረንጓዴ ብርሃኑ ይደምቃል። የቤልጅየም ጌንት ተመራማሪዎችም በ2010 እ.ኤ.አ. ኦዳፕ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የካልሲየምን አያያዝ እንደሚያዛባ አሳይተዋል።

ነገር ግን ይህን ብርሃን የምናይበት ማይክሮስኮፕ የሚሰጠው ቪዲዮ ብቻ ነው። ቁጥሩን የሚያወጣው ሶፍትዌር ነው፤ እኔ ልቤ የሚሰጋውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሕዋስ ብርሃኑ ከ200 ወደ 300 ቢወጣ፣ ሌላው ከ1000 ወደ 1100 ቢወጣ፣ ሁለቱም የጨመሩት 100 ነው። ለውጡን በመነሻው ስናካፍለው ግን የመጀመሪያው 50 በመቶ፣ ሁለተኛው 10 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ መነሻው ከተሳሳተ ውጤቱ ሁሉ ይሳሳታል። መነሻውን የሚያሳስተውም ብዙ ነው፦ አብሪው ፕሮቲን ብርሃን ሲበዛበት እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ናሙናው ይንቀሳቀሳል፣ በሕዋሶቹ መካከል ያለው ጭጋግም ያበራል። ስዊት ቱ ፒና ካይማን የተባሉት ፕሮግራሞች እንቅስቃሴውን ያርማሉ፣ ሕዋሶቹን ለይተው ያከብባሉ፣ ጭጋጉንም ይቀንሳሉ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የሆነ ሆኖ ያከበቡት ሁሉ ሕዋስ አይደለም፤ አንዳንዱ የደም ሥር ጥላ ነው። ይህን የሚለየው ቪዲዮውን ደጋግሞ ያየ ሰው ነው።

እርስዎ የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም መምህር ከሆኑ፣ ትምህርት ቤትዎም አንድ ኮምፒውተር ካለው፣ ኢሜጅጄ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ያውርዱ፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ተመራማሪዎች ለሁሉም ክፍት ካደረጓቸው የሕዋስ ቪዲዮዎች አንዱንም ይምረጡ። ተማሪዎችዎ አንድ ሕዋስ በመዳፊት ያክብቡ፣ ብርሃኑን ይለኩ፣ ለውጡን በመነሻው በእርሳስ ያካፍሉ። ከዚያ ስለ ጓያ ይንገሯቸው፤ ከመካከላቸው አያቱን ጓያ የሰበራቸው ልጅ ሊኖር ይችላልና።