ከሰማይ የሚያየው ካሜራ አህያን ያውቃታልን?

በአውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የተጓዘ ሰው ዛፉና የመብራት ምሰሶው ወደ ኋላ ሲሮጡ አይቷል። ካሜራ ተሸክሞ የሚበር ድሮንም የሚገጥመው ይኸው ነው፤ እርሱ ሲንቀሳቀስ መንገዱም፣ ጣሪያውም፣ ማሳውም በምስሉ ላይ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ታዲያ ኮምፒዩተር በእውነት የሚጓዘውን መኪና ወይም ከብት የሚለየው እንዴት ነው?

የቆየው ዘዴ በተከታታይ ምስሎች ላይ ቦታቸውን የማይለቁ ምልክቶችን፣ ለምሳሌ የጣሪያ ማዕዘንን ወይም የአስፋልት ቀለምን፣ ማዛመድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የካሜራው ጉዞ ይሰላል፤ አንዱ ምስል ተስተካክሎ በሌላው ላይ ይነጠፋል፤ ልዩነት የታየበት ቦታ «እንቅስቃሴ አለ» ተብሎ ይያዛል። ይሁን እንጂ ነፋስ የሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳም፣ የደመና ጥላም ልዩነት ናቸው። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በአንጻሩ በዚህ ዘዴ አይያዝም።

ሥራው ሲሳካ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በስዊዘርላንድ የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች 10 ድሮኖችን በአቴንስ መሐል ከተማ ላይ አሰማርተው፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የተሽከርካሪ ጉዞ መዝግበዋል። ድሮኖቹ ባትሪ ለመቀየር ሲወርዱ ግን ምዝገባው ይቋረጥ ነበር።

ዛሬ ኮምፒዩተሩ የታየው ነገር ምን እንደሆነ ጭምር የሚማረው ሰዎች አንድ በአንድ ምልክት ካደረጉባቸው ምስሎች ነው። እጅግ ከሚጠቀሱት ስብስቦች አንዱ በቻይና የቲያንጂን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ያዘጋጀው ቪስድሮን ሲሆን፣ በ14 የቻይና ከተሞች የተነሣ ነው። ዋናዎቹ 10 ዓይነቶች ሰዎችና ተሽከርካሪዎች ብቻ ናቸው። ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ስላለበት ባጃጃችን በዝርዝሩ ውስጥ ዘመድ አያጣም፤ አህያ፣ በሬና በግ ግን የሉበትም።

በዚህ ብቻ የተማረ ሥርዓት በገበያ ቀን ገለባ የተጫነች አህያን ከአየር ቢያይ ወይ ያልፋታል፣ ወይ ከሚያውቃቸው በአንዱ ስም ይጠራታል። የመንገድ ጥናት የሚያካሂድ ከተማም ሆነ መንጋውን በድሮን ሊቆጥር ያሰበ አርቢ ስለ ካሜራው ጥራት ከመጠየቁ በፊት፣ ማሽኑ የተማረባቸው ምስሎች የት እንደተነሡ ቢጠይቅ ይሻለዋል። በአካባቢ ምስሎች እንደገና ማስተማር ይቻላል፤ ሥራው አድካሚ ቢሆንም ምሥጢር የለውም። በአንድ ግጦሽ የተደባለቁ በግና ፍየሎችን ከላይ ከጀርባቸው ለይቶ ምልክት ለማድረግ ግን ከመሐንዲሱ ይልቅ እረኛው ይቀናዋል።