በዓሉን የሚሠራው ማን ነው?

ዐውደ ዓመት በደረሰ ቁጥር በተማሪዎች ማኅበር ልሳኖች ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ መውጣቱ የተለመደ ነው። የአያት ቤት፣ የቄጠማው ሽታ፣ የዶሮው ወጥ፣ ከየአቅጣጫው የሚሰበሰበው ዘመድ አዝማድ ይወሳል፤ ናፍቆት ይገለጻል፤ በመልካም ምኞት ይዘጋል። ናፍቆት ነውር አይደለም። ብቻውን ሲቀርብ ግን የእውነቱን ግማሽ ይሸፍናል። ከዛልቃ ሆኜ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው የተሸፈነው ግማሽ ነው።

ዛልቃ ከቤይሩት በስተ ሰሜን፣ ከዶራ አደባባይ አለፍ ብሎ ወደ ትሪፖሊ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የሱቅና የፎቅ ሰፈር ናት። እዚህ አገር ለትምህርት የመጣን ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች ነን። የሰው ቤት ለማጽዳት፣ የሰው ልጅ ለማሳደግ፣ የሰው ሽማግሌ ለማንሣትና ለማስተኛት የመጡት እኅቶቻችን ግን ባለፉት ዓመታት በአሥር ሺሕዎች ተቆጥረዋል።

እስቲ ከቀን መቁጠሪያው እንነሣ። ሊባኖስ ጃንዋሪ 6 የአርመኖችን ገና በዓል ብላ ትዘጋለች፤ የእኛ ገና በማግሥቱ ጃንዋሪ 7 ሲውል ተራ የሥራ ቀን ነው። እንቁጣጣሽም እንደዚሁ። ፋሲካን ግን የአገሩ ኦርቶዶክሶች ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የማሮናውያኑም ፋሲካ ከእኛው ጋር ሚያዝያ 12 ቀን ገጠመ። የዋህ ሰው ይህን ሰምቶ «እሰይ፣ እኅቶቻችን በዓላቸውን ሊያከብሩ ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በማዳም ቤት በዓል ማለት እንግዳ ማለት ነው። በቴምርና በለውዝ የሚሞላው ማአሙል ይጋገራል፤ ምግቡ ይደረደራል፤ ሳህኑ እስከ እኩለ ሌሊት ይታጠባል። የ55 ቀን ጾሟን ወጥ ቤት ቆማ የምትፈታ፣ የአገር ቤቱን ድግስ ሥራ ስታቆም በኢሞ የምታይ እኅት ስለ በዓል ምን ትበለን?

አሁን ወደ ትዝታችን እንመለስ። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ለጎረቤት ይዞራል። አማች ለአማቶቹ፣ የክርስትና ልጅ ለክርስትና አባቱ አክፋይ ይዞ ይሄዳል። በሬ በቅርጫ ይታረዳል፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ እኩል ይደርሰዋል። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር፣ ዝምድና በአገራችን ስሜት ብቻ ሳይሆን የድርሻ ሥርዓት መሆኑን ነው። ለእያንዳንዱ የሚገባው አለ።

ይሁን እንጂ ቅዳሜ ሹር ሌሊት ሽንኩርቱን የከተፈው ማን ነበር? ዶሮውን 12 ብልት አውጥቶ በሎሚና በጨው ያጠበው ማን ነበር? እናቶቻችን፣ እኅቶቻችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እናስተምርሻለን» ተብላ ከገጠር የመጣችው የዘመድ ልጅ ወይም ሠራተኛ። ስሟን ከጠዋት እስከ ማታ ጠርተናል፤ የመጣችበትን ቀበሌ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እሷስ ፋሲካን ከእናቷ ጋር የዋለችው መቼ ነው?

በአዲስ አበባም ሆነ በዛልቃ አንድ አነጋገር ይሰማል፤ «እንደ ልጃችን ናት» ይባላል። ዝምድና እዚህ ላይ መሸፈኛ ይሆናል። እንደ ልጅ የተቆጠረች ሠራተኛ ደመወዟን ብትጠይቅ ዓይን አውጣ፣ ዕረፍት ብትጠይቅ ውለታ ቢስ ትባላለች። ሕጉም ከዚህ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከክልሉ ያወጣል፤ የከፋላ አሠራር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷን ከአሠሪዋ ጋር ያስራል። በ2009 የወጣው የሥራ ውል በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ቢሰጥም አጠቃቀሙን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ተወው። በመስከረም 2020 የተሻለ ውል ቢወጣ፣ በማግሥቱ ወር የአገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ነገር ግን ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ አንቀስር፤ የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ ትቷታል።

«በፈቃዷ መጣች፤ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ሠርቶ ማደሩንስ ማን ጠላ! ነገር ግን የፈቀደችው ለሥራ እንጂ ለእስር አይደለም። ደመወዝ የጉልበት ዋጋ ነው፤ የሰንበትና የፋሲካ ዋጋ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ በዚህ አካባቢ ያለን ተማሪዎች ዕረፍት ያገኙት እኅቶች እሑድ እሑድ ወደሚሰባሰቡበት ወደ ዶራና ቡርጅ ሐሙድ ወርደን፣ በዓረብኛ የተጻፈውን ውል እናንብብላቸው፤ ደብዳቤያቸውን እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ሥራውን ከራሳችን ቤት እንጀምር። ለመጪው በዓል አገር ቤት ስንደውል እናታችንን እንኳን አደረሰሽ ካልን በኋላ፣ ወጥ ቤት ያለችውንም አቅርቡልኝ እንበል፤ የዕረፍት ቀኗ መቼ እንደሆነ እንጠይቅ። መልስ ከሌለ፣ ክርክሩን ከወላጆቻችን ጋር ዛሬውኑ እንክፈት። ለራሳችን ቤት ሠራተኛ ያልጠየቅነውን መብት ለዛልቃዋ እኅታችን ብንጠይቅ የሚሰማን የለም።