ከመጋቢት 28 እስከ ሚያዝያ 27

ስለ አራት ኪሎው ሐውልት ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ታክሲው ይዞረዋል፣ ተማሪው ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ሄደው የተመለሱ ጓደኞቻችንን «የምን ሐውልት ነው?» ብትሏቸው «የሚያዝያ 27፣ የድል» ይሏችኋል። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ለመንገደኛ ይበቃው ይሆናል፤ ለእጩ መምህር ግን አይበቃም ባይ ነኝ።

እንደሚታወቀው የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከስደት ተመልሰው ዋና ከተማቸው የገቡት ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ የቆመው ለዚሁ ቀን ነው። ይሁን እንጂ ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በዚያ ዕለት አይደለም። በሐረር በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን የያዘው መጋቢት 28 ቀን ነበር። በመካከሉ 29 ቀን አለ። ታዲያ ንጉሠ ነገሥቱ ያን ሁሉ ቀን የት ከረሙ?

እዚሁ ነዋ! ጥር 12 ቀን ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከዚያ በቡሬና በደምበጫ መስመር ጦሩ እየቀደመ፣ እሳቸው እየተከተሉ፣ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው። አዲስ አበባ በተያዘችበት በዚያው ዕለት ማለት ነው። ወዲያው እንዳይቀጥሉ እንግሊዞቹ «በከተማው ላሉት ጣሊያኖች ደኅንነት ያሰጋል» እያሉ አዘገዩዋቸው። ያ ወር በአብዛኛው ያለፈው በእኛው ከተማ በመጠበቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ባይዘገዩ ኖሮ አራት ኪሎ ላይ የምናስበው ቀን ሌላ በሆነ ነበር።

ደርግ በዘመኑ የድሉን በዓል ከሚያዝያ 27 አንሥቶ ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። የንጉሡን ቀን ለማስረሳት መሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የሚያስቀው ግን የተመረጠውም ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ የገቡበት መሆኑ ነው! ከአንዱ ሸሽቶ ከሌላው መላተም ይሏል ይሄ ነው።

እንግዲህ የእኛ ሥራ ቀን ማስሸምደድ ከሆነ ሁለቱንም ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፎ መውጣት ይቻላል። ልጁ ግን «ንጉሡ በጎጃም በኩል ለምን መጡ?» ብሎ ቢጠይቅስ? መልሱ አርበኛው ነው። ጣሊያን የገበሬውን ጠመንጃ ልግፈፍ ባለ ጊዜ፣ በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ጠላት በየምሽጉና በየከተማው ይቀመጥ እንጂ ገጠሩን እንደልቡ አላዘዘውም። እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ ኃይሉ በለው፣ በቢቸና በኩል እነ በላይ ዘለቀ መንገዱን ይዘው ቆይተው ነበር።

አስቸጋሪው ክፍል ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ብዙ መምህር የሚዘለውም እሱን ይመስለኛል። ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ለቀው ሲሄዱ ከተማዋን የተውት ከእነሱ ጋር ወግነው ለነበሩት ለራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነው። የጎጃም ባላባት፣ የንጉሥ ልጅ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ እጅ ነሡ፤ አልተሰቀሉም። አምስት ዓመት በዱር የተዋጋው በላይ ዘለቀ ግን ከድሉ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ። የድሉ ሐውልት በቆመባት ከተማ! ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ ደግ ነው። ግን አሥር ዓመት የሆነው ልጅ «ጀግና ከነበረ ለምን ሰቀሉት?» ይላችኋል። ያኔ ጣራ ጣራ ማየት አይሆንም። ያኔ «አላውቅም፣ መጽሐፍ ላይ የለም» ማለትም አያምርም። የተጻፈውን አንብቦ፣ የተጣሉበትን ነገር ከሁለቱም ወገን አስረድቶ፣ ፍርዱን ለልጁ መተው ነው እንጂ። መምህራኖቻችን ከዚህ የተሻለ ዘዴ ካላቸው ቢያካፍሉን ደስ ይለናል።

ይህን የምለው የአዲስ አበባን ጉብኝት ንቄ አይደለም። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ለሄደ ሰው የየካቲት 12 ሐውልት አለ፤ በዙሪያው ያለው የነሐስ ቅርጽ ከስንት ገጽ ንባብ ይበልጣል። መንገዱም ራሱ ትምህርት ነው፤ ዓባይን ተሻግሮ ፍቼን ካለፉ በኋላ የደብረ ሊባኖስ መታጠፊያ ይገኛል፤ በ1929 ዓ.ም. መነኮሳቱና ዲያቆናቱ የተፈጁባት ገዳም። ችግሩ የምንመደበው ጎዛምን፣ ማቻክል፣ አዋበል፣ ሸበል በረንታ ገጠር ውስጥ መሆኑ ነው። እዚያ የምናስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ አዲስ አበባን ሳያዩ ትምህርት ይጨርሳሉ። ሐውልቱን የምናደርስላቸው እኛ ነን። በምን? በቾክ፣ በካርታ፣ በሰፈሩ ሽማግሌ። አያቱ የአርበኛ ልጅ የሆነ ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም፤ ጦርነቱን በዓይናቸው ያዩት አልቀዋል ማለት ይቻላል፣ ከእነሱ የሰሙት ግን ገና አሉ።

ሚያዝያ 27 የሕዝብ በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆቹ ከብት ሲጠብቁ ይውላሉ። መጋቢት 28 ግን ሰንበት ካልዋለበት የሥራ ቀን ነው። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ለዚያች ቀን የሚሆን የ40 ደቂቃ የትምህርት ዕቅድ በጋራ ብናዘጋጅስ? እኔ ካርታውን ለመሳል ዝግጁ ነኝ፤ ከኦሜድላ እስከ አራት ኪሎ።