ብራናውን የማያውቅ ጸሐፊ

ከአዲስ አበባ በጅማው መንገድ ሰበታን፣ በአምቦው ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃሙ መንገድ ሱሉልታን የጎበኘ ሰው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በነዚህ ሦስት ከተሞች አንድ ዓይነት ሱቅ ሳያይ አይመለስም፤ ይኸውም ስልክ የሚጠገንበት፣ ሰነድ የሚታተምበት፣ በሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና መዝሙር የሚጫንበት ሱቅ ነው። የደንበኛው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ «ስልኬ ሞልቷል ይለኛል»፣ «መብራት ሲሄድ የጻፍኩት ጠፋ»፣ «ፍላሹ ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ባዶ ነው»። ባለሱቁም «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ይፈርዳል፤ በዚህም ፍርድ የልጅ ክርስትና ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የቀበሌ ደብዳቤ አብረው ይጠፋሉ።

ጥፋቱ በዕቃው ርካሽነትና በመብራት መጥፋት ላይ ብቻ ሲላከክ እንሰማለን። ርካሽ ዕቃ መኖሩ እውነት ነው፤ መብራትም ይሄዳል። ነገር ግን የነገሩ ሥር ሌላ ይመስለናል። በስልኩና በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚያዝዘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚጽፍበትን ብራና ጠባይ ምን ያህል ያውቃል? ተማሪዎቻችንና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣቶች ይህን እንዲያጤኑት እንወዳለን።

ዛሬ በየስልኩ ውስጥ ያለው የፍላሽ ዓይነት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካና ባልደረቦቹ በቶሺባ ኩባንያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1987 ያስታወቁት ነው። ጽሑፉ የሚያዘው እንደ ቀድሞው ዲስክ በማግኔት ሳይሆን፣ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ክፍሎች ውስጥ በሚታሰር የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ጠባዩን ለማስረዳት ከቁም ጸሐፊ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ቁም ጸሐፊ ቢሳሳት ብራናውን ፍቆ ይጽፋል፤ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ቢፍቀው ግን ብራናው ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። ፍላሽም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። የሚጻፈው ገጽ በገጽ ሲሆን የሚፋቀው በጥራዝ ነውና፣ አንዲት ቃል በቦታዋ ለማረም ብዙ ገጾች ያሉበት ጥራዝ በሙሉ መፋቅ አለበት። የመፋቁም ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ውዱ ዓይነት እስከ 100,000 ጊዜ ያህል ሲችል፣ በርካሽ ካርዶች ውስጥ የሚገኘው ግን ከ1,000 እስከ 3,000 ጊዜ ያህል ቢችል ነው።

የድሮዎቹ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ደግሞ የተሠሩት ለማግኔት ዲስክ ነበር። ዲስክ በአንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ቢጽፉበት ግድ የለውም። በዚህ ልማድ ያደገ ጸሐፊ ፍላሽ ሲሰጡት የፋይሎቹን ማውጫ እዚያው እየፋቀ እየጻፈ ብራናውን ይቀደዋል። መድኃኒቱ አሮጌውን ሳይነኩ አዲሱን በንጹሕ ገጽ ላይ መጻፍ፣ ኋላም ያረጁትን ጥራዞች ሰብስቦ በተራ መፋቅ ነው። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በብሬል የሚጽፍ ተማሪ ይህ አይከብደውም፤ ወረቀት ላይ የተወጋን ነጥብ እንደ ነበረ መመለስ አስቸጋሪ መሆኑን ጣቱ ያውቃልና።

ጥያቄው ይህን ሥራ ማን ይሥራው ነው። አንደኛው መንገድ በካርዱ ውስጥ ባለች ትንሽ ተቆጣጣሪ ላይ መጣል ነው። እርሷ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ «እኔ ዲስክ ነኝ» ብላ ትዋሻለች፤ እርሱም አምኖ ይጽፋል። ውሸቷ ጥቅም አለው፤ አንዱ ካርድ በካሜራም በስልክም በኮምፒዩተርም የሚሠራው በርሷ ነው። ጉዳቱ ግን ሁለቱ አለመነጋገራቸው ነው። እኛ ፋይል ስንሰርዝ ካልተነገራት የሞተውን ጽሑፍ ሕያው መስሏት ከጥራዝ ወደ ጥራዝ ስትገለብጥ ትኖራለች። በዚህ መካከል መብራት ቢሄድባት፣ የቱ ገጽ የት እንዳለ የያዘችው መዝገብ ሊበላሽ ይችላል፤ ያ ነው «ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ባዶ ነው» ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ። ሁለተኛው መንገድ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ፍላሹን እንዳለ አይቶ እንዲያስተዳድረው ማድረግ ነው።

ይህ ክርክር አገራችንን ሳይነካ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2008 በሺህ የሚቆጠሩ ኤክስኦ የሚባሉ አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ታድለው ነበር። ዲስክ አልነበራቸውም፤ 1 ጊጋባይት ፍላሽ ብቻ ነበራቸው፤ የሚያስተዳድረውም ያለ ተቆጣጣሪ፣ ጄኤፍኤፍኤስ2 በተባለ የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ የመብራት መጥፋትን ለመቋቋም ታስቦ የተሠራ ነው። ድካሙ ሌላ ነበር፤ ማውጫውን በማስታወሻ ብቻ ስለሚይዝ በተነሣ ቁጥር ፍላሹን ሁሉ መቃኘት ነበረበት፤ ፍላሹም ጢም ብሎ ሲሞላ መኪናው አልነሣም የሚልበት ጊዜ ነበር። ሕፃን ልጅ ደግሞ ያገኘውን ፎቶግራፍ ሁሉ ያከማቻል እንጂ «ጥቂት ባዶ ቦታ ልተውለት» አይልም! ተከታዩ ሞዴል ወደ ባለተቆጣጣሪው ሜሞሪ ካርድ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ያው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ለሚኖሩ ልጆች ታብሌቶችን ከፀሐይ መሙያ ጋር ሲሰጥ፣ አንድ ቴክኒሻን በየሳምንቱ እየሄደ ሜሞሪ ካርዶቹን ይለዋውጥ ነበር፤ ልጆቹ መሣሪያውን እንዴት እንደ ተጠቀሙበት ተመራማሪዎቹ የሚያውቁት በነዚያ ካርዶች ነበር። የጥናቱ ውጤት በሙሉ በጣት ጥፍር በምታህል ፍላሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

የእኛ ሐሳብ ጸሐፊው ብራናውን ይወቅ ነው፤ ቢያንስ ከተቆጣጣሪዋ ጋር ይነጋገር። ይህም ተጀምሯል። የተሰረዘውን ለካርዱ የሚያስታውቅ ትእዛዝ አለ፤ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው ኤፍ2ኤፍኤስም የተሠራው በተቆጣጣሪዋ ላይ ተቀምጦ ጠባይዋን እንዲያስብላት ነው። ግን የሞላ ስልክ፣ የሚቆራረጥ መብራትና ርካሽ ካርድ በሌላው አገር እንደ ድንገተኛ ነገር ሲታዩ በቡራዩ የዘወትር ኑሮ ናቸው። ስለዚህ ፈተናው እዚህ ቢሆን ይሻላል እንላለን። የሊኑክስ ጽሑፍ ለማንበብም ለማረምም ለሁሉ ክፍት ነው፤ ቤተ ሙከራውም ጥቂት ርካሽ ካርዶችና በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይሉን ሺህ ጊዜ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ለመመረቂያ የሆቴል መመዝገቢያ ከመሥራት (ስንት የሆቴል መመዝገቢያ ተሠራ!) ይህ ሥራ ሳይሻል አይቀርም።

የመሥሪያ ቤት ሰውም ድርሻ አለው። «አስቀምጥ» የሚለውን ስለ ተጫነ ብቻ ጽሑፉ ፍላሹ ላይ አርፏል ማለት አይደለም፤ መብራት ሲሄድ በሚረሳው ማስታወሻ ውስጥ ጥቂት ሊቆይ ይችላል። ፍላሽን ሳያሰናብቱ መንቀል የሚጎዳውም ስለዚህ ነው። ደግሞም በፍላሽ የታሰረው ሙል ኃይል ሳያገኝ ዓመታት ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ በብዙ መፋቅ ያረጀው ይልቁንም ይፈጥናል። የሱሉልታን የመሬት መዝገብ በአንድ ፍላሽ ገልብጦ በመሳቢያ የቆለፈ ጸሐፊ መዝገብ አስቀመጥሁ ሊል አይገባውም። ሌላ ቅጂ በሌላ ቦታ ይኑረው፤ ለዕቃ ግዥ ጨረታ ሲያወጣም ስንት ጊጋባይት ይይዛል ከሚለው ቀጥሎ፣ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ ምን ይሆናል የሚለውን ይጨምርበትና ሻጩ በጽሑፍ ይመልስለት።