ከካሜራው በፊት ነጋቲቩ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «የፊልም ካሜራ ተመለሰ፤ ትዕግሥትም አብሮት ተመለሰ» የሚሉን በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ኮንታክስ ቲ2፣ የቲታኒየም አካሉና የዛይስ ሌንሱ ምንም ቢያምሩ፣ ሠሪው ኪዮሴራ በ2005 ኮንታክስን ማምረት ማቆሙን አስታውቋል፤ ኤሌክትሮኒኩ ሲሞት ፋብሪካው አይደርስለትም። ታዲያ በውድ የተገዛው ትዕግሥት ነው ወይስ ጌጥ?

ትዕግሥቱንማ የቢቸናና የሞጣ ሰው ያውቀዋል። ከገበያ መልስ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይነሣ ነበር። ከዚያም የ36ቱ ምስል ፊልም እስኪያልቅ፣ ታጥቦም እስኪታተም ይጠብቃል። ያንን ፊት የያዘው ነጋቲቭ ዛሬ የት ነው? የቀለም ነጋቲቭ በጨለማ መሳቢያ ተቀምጦ እንኳ ይደበዝዛል፤ ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተራ ቤተሰቦችን አሮጌ ፎቶዎች ሰብስቦ መንገዱን አሳይቷል። የአዲስ አበባ ፊት ከተሰበሰበ የምሥራቅ ጎጃም ፊት ምን በደለ? ለአንድ ካሜራ የሚወጣው ገንዘብ ስካነር ይገዛል። ስካነሩን ይዞ የፎቶ ቤቶቹን በር የሚያንኳኳ፣ ፈቃድ ጠይቆ የባለፎቶውን ስም የሚመዘግብ፣ ፊልም ወዳድ ማለት እርሱ ነው። ሌላው የቲታኒየም ወዳድ ነው።