«ካምቢዮው ሞቷል» ከመባሉ በፊት

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የፍቅር ጥያቄ ያልያዘው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከካራቆሬ የተላከ ነው። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። እህቱ ዓረብ አገር አራት ዓመት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ አሮጌ ኦቶማቲክ ቪትዝ ገዝቶ፣ ከካራቆሬ ሸዋ ሮቢት፣ አንዳንዴም ደብረ ብርሃን ድረስ በኮንትራት ሰው ያመላልሳል። ሦስት ወር ሳይሞላው መኪናዋ ማርሽ ስትቀይር ትመታ ጀመር። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «የ53ቱ ተመለሰ እንዴ?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት። (በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬን የመታውን የመሬት መንቀጥቀጥ ማለታቸው ነው።) እሱ ግን አልሳቀም። መካኒኩ «ካምቢዮው ሞቷል፣ ሌላ ይገዛ» ብሎታል። እህቱ እስካሁን አልሰማችም። ልንገራት ወይስ መኪናዋን ልሽጣት? ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ለሁለቱም አትቸኩል። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ ግን ክረምት ክረምቱን ዘመድ ጋራዥ ውስጥ ብሎን ስለቅም ነው ያደግሁት። «ይውረድ» የምትለዋ ቃል እንዴት ቶሎ ከአፍ እንደምትወጣ አውቃለሁ። መሸጡንም ተወው። የምትመታ መኪና በርካሽ ነው የምትሄደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ አግዷልና፣ በዚያ ገንዘብ የተሻለች አገኛለሁ ብለህ አትመን።

ጣሊያን የጣርማበርን ዋሻ ሲቆፍር ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላትም ትቶልን ሄዷል። ያንተዋ ግን ፍሪሲዮን የሚረገጥባት አይደለችም። ማርሿን የሚቀይረው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ከጎደለ፣ ካረጀ፣ ወይም ዓይነቱ ከተሳሳተ ውስጥ ያሉት ዲስኮች በሰዓቱ አይያያዙም፤ ይዘገዩና በአንዴ ግጭት ብለው ይይዛሉ። ምቱ ይሄ ነው።

ታዲያ መጀመሪያ መቼ እንደምትመታ ልብ በል። ቆመህ ከፒ ወደ ዲ ወይም ወደ አር ስታስገባ ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩን የተሸከመው ጎማ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ካምቢዮው ንጹሕ ነው። ዳገት ላይ ማርሽ ሳትቀይር በዚያው ማርሽ እንዳለች የምትንገጫገጭ ከሆነ ደግሞ ካንዴላና ኮይል ይታዩ። ከውስጥ ሆኖ ለሚነዳት ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ በዋጋ ግን አይገናኙም። ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ መኪናዋ ራሷ እየተናገረች ነውና በኮምፒውተር አስነብባት።

ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ስትል የምትመታ ከሆነ ወደ ዘይቱ ሂድ። የሞተር ዘይት ሞተር ጠፍቶ ነው የሚለካው፤ የካምቢዮው ግን መኪናዋ ተነድታ ከሞቀች በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ሜዳ ቦታ አቁማት፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የእግሩንም ርገጥና ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አንድ በአንድ አዳርሰህ ወደ ፒ መልሰው። ከዚያ ዘንጉን አውጥተህ ጥረግ፣ ክተት፣ እንደገና አውጣ። «ሆት» ከሚለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። ሲተርፍም ደግ አይደለም፤ አረፋ ይሆናል። ጥሩ ዘይት ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ሙቀት በልቶታል ማለት ነው። ወተት የተጨመረበት ሮዝ ቀለም ከሆነ ግን የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ ያን ጊዜ አታስነሳት፣ በተጎታች ትሂድ።

አደራ፣ «ኦቶማቲክ ዘይት አምጣ» ብለህ ያገኘኸውን እንዳትሞላ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ በብዛት ባለ 4 ማርሽ ናት፤ በ2005 የመጣችው ግን አብዛኛዋ ሲቪቲ ነው፣ በብረት ቀበቶ የሚሠራ። የአንዱ ዘይት ለሌላው አይሆንም። የመመሪያ መጽሐፏ በጃፓንኛ ነው ብለህ አትሳቅ፤ ብዙ ጊዜ የዘይቱ ዓይነት ራሱ ዘንጉ ላይ ተጽፏል። ሲቀየርም ከታች የሚፈሰው ሁሉም አይደለም፤ ብዙው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ነድተህ ድገመው። ፊልትሮውም ይታይ።

ያንተ መንገድ ደግሞ ለካምቢዮ ጨካኝ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 በላይ። ሰው ሞልተህ፣ በቆላው ሙቀት ተነስተህ ስትወጣ መኪናዋ ከሦስትና ከአራት አልወስን እያለች ዘይቱን ታፈላዋለች። ኦቨርድራይቩን አጥፋና በሦስት ትውጣ። ስትወርድ ሁለት ላይ አድርጋት። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ደብረ ሲናን በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው አውቃለሁ፤ ከካምቢዮው ይልቅ ለነፍሱ ነው የምፈራለት።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከመታች፣ እሺ፣ የታችኛው ሳህን ይፈታ። አንተም እዚያው ቁም። ሳህኑ ውስጥ ማግኔት አለ። ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር ከያዘ የማርጀት ነው፤ አያስደነግጥም። የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ ካየህ ግን ፎቶ አንሳውና ለእህትህ ደውልላት።